ወገቡን የለቀቅኩለት ሱሪ

ጥቅምት 3
የልብስ ስፌት ሱቄ ጭር ብሎ ዋለ። የባለቤቴን ግራጫ ሱሪ ይዤ ተቀመጥኩ። ወገቡን ተረተርኩ... የስፌቱ ትርፍ ጨርቅ ካለቀ ቆይቷል። ከራሱ ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ ጨመርኩበትና ሁለት ጣት ለቀቅኩት። ተኩሼ ቦታው መለስኩት።
ማታ ለብሶ ተንጎራደደ። "አየሽ? የሠርጋችን ሰሞን ሱሪ! ዛሬም ልኬ ነው።"
"አንተማ መች ትለወጣለህ" አልኩት።
ምን ላድርግ? እህቱ አንዴ "አንተ በርሜል" ብላው ሁለት ቀን እራት አልበላም። ከዚያ ወዲህ ነው ሱሪውን በድብቅ ማስፋት የጀመርኩት።

ጥቅምት 9
አማቴ መጥተው ነበር። ልጃቸውን አገላብጠው አዩና "ተመችቶታል! እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ድሮ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ሲቆራረጥ እየሰማሁ ነበር።

ጥቅምት 21
ባለቤቴ የሚነዳው አውቶቡስ ረዳት ሱቅ ድረስ መጣ። ቀልደኛ ሰው ነው። ዛሬ አልቀለደም።
"እህቴ፣ እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትናገሪ። ባልሽ ትናንት መሪ ላይ አንቀላፋ። በክርኔ ባልጎሽመው ወንዝ ገብተን ነበር።"
"ሰው ነበር?"
"ሙሉ።"
ሙሉ... ኧረ እኔ ምን እየሠራሁ ነው?

ጥቅምት 24
ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እየተነጫነጨ ነው የሄደው። ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ስኳርም ጀምሮታል። እንደሚያንኮራፋ፣ ድንገት ጸጥ ብሎ እንደታነቀ ሰው እንደሚባንን ለሐኪሟ ነገርኳት።
"ስንፍና አይደለም" አለችው። "ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይነዳሉ። ድካም ሲመጣ ለስላሳ ይጠጣሉ፣ ማታ ከበድ ያለ ይበላሉ። አንገት ላይ የተጠራቀመው ስብ ሲተኙ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ የባሰ ይርበዋል። አንዱ አንዱን ይጎትታል። በቤተሰብም ይመጣል። ክብደት መጨመር የጀመሩት መቼ ነው?"
"እኔ? ኧረ አልጨመርኩም! ይኸው፣ የሠርጌ ሱሪ" ብሎ ቀበቶውን መታ መታ አደረገ።
ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ቦርሳዬ ውስጥ ካርዱን መፈለግ ጀመርኩ።
ተጨማሪ ምርመራ አዘዘችለት፤ እስኪታከም ባይነዳ እንደሚሻልም ነገረችው። እሺ አላት።
አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ... ያለባበስኩት እኔው ነኝ።

ጥቅምት 25
እሺ ያለው ሰውዬ ጠዋት ሥራ ገባ። ሲመለስ ሱሪውን ገልብጬ ቁራጩን አሳየሁት።
"ስታሾፊብኝ ነው የኖርሽው?"
"እንዳይከፋህ ብዬ..."
"ሐኪሟ ፊት ሞኝ አደረግሽኝ።"
በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 1
አያናግረኝም። ልብሱን ራሱ ይተኩሳል። አሁንም ይነዳል። ረዳቱ "ዓይኔን ከእሱ አልነቅልም" ብሎ ምሎልኛል። የሱቁ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ሥራዬን ጥዬ ብድግ እላለሁ። አንድ ነገር ቢፈጠር... የማን እጅ ነው?

ኅዳር 6
ቁልፉን ለአለቃው አስረከበ! "እንቅልፍ እየጣለኝ ነው፣ እስክታከም መሪ አልይዝም" አለ አሉ። ስንት ዓመት የያዘውን መሪ። ረዳቱ ነው የነገረኝ።
ቤት ገብቶ ጫማውን አወለቀ። "ነገ ለምርመራው አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አለኝ።
ማልቀስ አማረኝ። "ምን ጥያቄ አለው" አልኩት።

ኅዳር 7
ከምርመራ ስንመለስ በአውቶቡስ ነው። መሪውን የሥራ ባልደረባው ይዞታል። እሱ እንደ ተሳፋሪ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙም ሳንሄድ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ማንኮራፋት ጀመረ።
"እህት፣ ሁለተኛ ሞተር ተነሳ እንዴ?" አለ ከኋላችን አንዱ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።
ከዚያ ትንፋሹ ቆመ። የእኔም አብሮ ቆመ... ተመለሰለት።
ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሕፃን የምታጠባ ሴት። ዳቦ የታቀፉ ሽማግሌ። እየተገፋፉ የሚስቁ ተማሪዎች። እነዚህን ሰዎች ጭኖ ነው እንዲህ ሲያንቀላፋ የነበረው። እኔ ደግሞ ሱቅ ቁጭ ብዬ የሱሪ ወገብ እለቅለታለሁ። ይቅር በሉኝ ማለት ፈለግኩ። ለማን ይባላል?
መውረጃችን ደረሰ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና "አትቀሰቅሺውም?" አለ።
"ተወው" አልኩት። "እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።"