ፓምፑን ማጥፋት
ውድ አስካለ፣
ቡታጅራ ላይ ከውሃ ሠራተኞች ጋር ተጣላሁ ተብሎ ተወርቷል አሉ። ጠየቅሁ እንጂ አልተጣላሁም። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ወደ መንገድ እየፈሰሰ ፓምፑ ይሠራል። ሠራተኛውን ሸረፋን «ለምን አታጠፋውም?» አልኩት። «ወላሂ እማማ፣ ጠፍቶ ካልተነሳ ከተማው እኔን ጥሬዬን ነው የሚበላኝ!» አለኝ። በዚህ ፍርሃት ሞተር አያርፍም፤ አሮጌው ሞተር ያለ ዕረፍት ሲሠራ ተቃጥሏል፣ መብራቱም በከንቱ ይባክናል። እኛስ ውሃ ሲጠፋ ከመማረር በቀር ሞተሩ ያርፍ እንደሆነ መች ጠይቀን እናውቃለን? አሁን ሸረፋ በእኔ ጉትጎታ ዛሬ ማታ ሊያጠፋው ተስማምቷል፤ ባይነሳ ግን ከሥራው ይባረራል።
ፖስት ካርዱ ሊሞላብኝ ነው፤ ጋሽ ጌታቸውንና ልጆቹን ሳሚልኝ።
ነገ በማለዳ፣ ምናልባት ውሃ ቢጠፋ ብዬ፣ መጀመሪያ ቤቷ ያረፍኩባትን የፈቲሀን ጀሪካኖች እሞላለሁ። ከዚያ ሸረፋ ፓምፑን ሲያስነሳ አጠገቡ እቆማለሁ። ካልተነሳ «አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ» እላለሁ።
ተዋበች