የሊቀመንበሩ አንድ ዓይን

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ፣ 1970

ዛሬስ ጥሩ ቀን። አሮጌ ዕቃ የሚያቀርብልኝ ዋቅቶላ ከለቡ ማዶ ከእንጨት የተጠረበ የራስ ትራስ ይዞልኝ መጣ። አያቱ የተኙበት... በወዝ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ስንቴ ገለባበጥኩት!

«ልትገዛው ነው ልታገባው?» አለኝ።

ገዛሁት። ይሄንንስ አልሸጠውም እላለሁ... መሸጤ አይቀርም። ግን ለማን? ቱሪስት የሚባል ከጠፋ ከረመ። ፈረንጅ ሱቄ ሲገባ ከታየ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አባይነህ ሱቄ ገባ። ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደሻጠ። ሊይዘኝ የመጣ መሰለኝ። ለካ ሥዕል ፈልጎ ነው! እሱ ሕዝብ ሰብስቦ ሲናገር የሚያሳይ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የሚሰቀል።

«እንደ ድሮው አሳሳል፣ የባህሉን» አለ።

የመካኒሳው ሠዓሊ መሪጌታ ከበበው አሉ አልኩት። ሃያ ዓመት ሥዕላቸውን ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ ሌላ ማንን ልጥራ? እምቢስ ይባላል እንዴ?

ጥቅምት 30፣ ረቡዕ

ሥዕሉን ላመጣ መካኒሳ ሄድኩ። ወይ እጅ! ቀዩ፣ ቢጫው፣ የሴቶቹ ነጠላ... ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደኛ አዙሮ፣ ትልልቅ ዓይኑን አፍጥጦ። ከዚያ ሊቀመንበሩን አየሁት። በጎን። በአንድ ዓይን!

ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ያውቀዋል እኮ። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ሰይጣንና ይሁዳ በአንድ።

«አበዱ እንዴ መሪጌታ?»

«ያየሁትን ነው የሣልኩት።»

ክረምት ላይ ሊቀመንበሩ የጎረቤታቸውን ልጅ ከቤት አስወጥቶ ሲወስደው በመስኮት አይተውት ነበር። ልጁ አልተመለሰም።

«በእመቤቴ፣ አዙረው ይሣሉት!»

«አንተ አዙረው» ብለው ብሩሹን ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም። ለእሑድ ስብሰባ መድረስ አለበት... ጠቅልዬው መጣሁ። ምን ላድርግ?

ኅዳር 4፣ እሑድ

ተሰቀለ። ሊቀመንበሩ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «እኔን ብቻ ለይቶ ሣለኝ!» ይላል። ሕዝቡ አየ። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳቋን ነው?

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ከኋላ የሳቁ ነበሩ አሉ። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶታል። አፋቸውን አይዘጉም? እነሱ ስቀው ቤታቸው ገቡ፣ መዘዙ ለኛ!

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

መጣ። ብቻውን። የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋው።

«አንድ ዓይን ምን ማለት ነው? አንተ የሥዕል ሰው ነህ።»

መልሱ እኮ ተዘጋጅቶ ነበር! «የድሮ አሳሳል ነው፣ ትርጉም የለውም።» ሦስት ቀን ሙሉ ለብቻዬ ስለማመደው ነው የሰነበትኩት። ሽጉጡን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ሠዓሊው ያውቃል» አልኩ።

ሁለት ቃል። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። አፈርኩ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

መሪጌታን ጎህ ሳይቀድ ወስደዋቸዋል።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

እትዬ ወርቅዬ መጡ፣ የመሪጌታ ባለቤት። በጨርቅ የታሰረ ሳህን ይዘው። በየቀኑ እስር ቤት ስንቅ ያደርሱ ነበር። ዛሬ በር ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏቸው።

«ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል፣ አይደል?» አሉኝ።

ስንቅ አታምጪ ከተባለ ሰውየው እንደሌለ በዚህ ከተማ የማያውቅ አለ? ይሆናል አልኳቸው።

«አንተን ይሰሙሃል። የት እንዳደረሱት ጠይቅልኝ፣ ልጄ።»

እሺ አልኩ። ምን አፍ አለኝ!

ከዚያ ሳህኑን ፈቱት። የሽሮ ፍትፍት፣ ገና አልቀዘቀዘም። «ይበላሻል። አንተ ብላው። ከሱ አንተ ምን ለየህ» አሉኝ። አልራበኝም ብል እሳቸው መች ሰምተው። አጠገቤ ተቀመጡና እስክጨርስ ጠበቁኝ።

በላሁት።