በዓመት ሁለቴ የሚዞሩ ክንፎች

ውድ ጋሽ ሐብተማርያም፣

ልደውልልዎ ብዬ ሦስት ጊዜ ቁጥርዎን አውጥቼ ተውኩት። ፊት ለፊት ቢሆን እንደ ልማዴ እከራከርዎ ነበር፤ በጽሑፍ ይሻላል።

መሃል ናይሮቢ ያለውን፣ ኬንያ ነፃ በወጣች ማግስት የተሠራውን ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ አብረን ስናድስ እርስዎ መሐንዲሱ፣ እኔ አርክቴክቷ ነበርን። በምዕራብ መስኮቶቹ ፊት ፀሐይ ለመከለል የሚቆሙት የአሉሚኒየም ክንፎች በእጅ መዘውር ይዙሩ አሉ። እዚህ ምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይዋ ግማሹን ዓመት ወደ ሰሜን፣ ግማሹን ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምትጠልቀው። «በዓመት ሁለቴ ማዞር ይበቃል» አሉኝ፤ «መስከረም አሥራ ሰባትና መጋቢት አሥር። ሁለቱም መስቀል ነው፤ እንዴት ይረሳል?» እኔ ሳቅኩ። ከዚያም ለባለቤቶቹ ቦርድ «የሽማግሌ ሐሳብ ነው» ብዬ በሞተር አስቀየርኩት። እርስዎ ዕቃዎን ሸክፈው አዲስ አበባ ገቡ። አፍሬ ልሸኝዎ እንኳን አልመጣሁም።

ሞተሮቹ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። አቧራውና የመብራቱ መቆራረጥ ጨረሳቸው፤ ክንፎቹም ለሰሜኑ ፀሐይ እንደዞሩ ደርቀው ቀሩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የምትሰፋው ዛራ መስኮቷን በካርቶን ደፍና በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ትሠራለች። «ሠኒ፣ ይሄ ጁዋ፣ ይሄ ፀሐይ እኮ ዓይኔን አጠፋው! እስከ ክሪስማስ ካልተስተካከለ እለቃለሁ፣ ሲሪየስ» አለችኝ። ቦርዱም ክንፎቹን ነቅሎ ጥቁር መስታወት ሊገጥም ተሰናዳ።

ማክሰኞ ስብሰባቸው ላይ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። እርስዎ ያሉትን፣ እኔ ያልኩትን፣ ሁሉንም። ከዚያ ዛራ ክፍል ይዣቸው ወጣሁና ክንፎቹን ከሞተሩ ፈትቼ በእጄ አዞርኳቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ዛራ ካርቶኑን ቀድዳ ጣለችው። ብርሃኑ ገባ፤ ፀሐይዋ ውጭ ቀረች። የቦርዱ ሊቀመንበር የስፌት ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳሰሰችና «ይህን ያሰበው ሰው የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

ክንፎቹ አይነቀሉም። እኔን ግን ከሥራው አንስተውኛል፤ አልከራከርም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። መዘውሮቹን መጥተው እንዲያስገጥሙላቸው የሚጠይቅ የቦርዱ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ይደርስዎታል። ቀድሜ የጻፍኩልዎ «ያቺ ልጅ ካለችበት አልሄድም» ብለው እምቢ እንዳይሏቸው ነው።

እባክዎ ይምጡ። እኔ ሥራው ላይ አልኖርም።

አክባሪዎ
ሠናይት