የሐሙስ ምሽቱ ሳቅ እንዳይቋረጥ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ
ከተቀመጡበት ወንበር ላይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና፣ በተለይም ዓይንዎና ጆሮዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እነዚህን ለይቼ መጠየቄ በክፋት አይደለም፤ የጣቢያዎን የሐሙስ ምሽት የሳቅ ዝግጅት በየሳምንቱ የሚከታተል ሰው ሁለቱም በደህና እንደማይቆዩለት ከራሴ ስለማውቅ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ዝግጅቱን አይመለከቱትም ማለት ነውና በዚህም ከልብ ደስ ይለኛል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አቤት ባዮች ለሚያመጡት ማመልከቻ ሁሉ «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠባበቁ» የሚል መልስ በመተየብ ስለነበር፣ ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጡኝን መልስ ከወዲሁ በቃሌ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ልጄ ሌላ ከተማ ትሠራለች፤ ስትደውል «አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?» ትለኛለች፤ «ቴሌቪዥን እያየሁ» እላታለሁ፤ «ጎሽ፣ እንደሱ ተጫወት» ብላ ልቧ አርፎ ትዘጋለች። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ብቻውን አይደለም ብላ የምታምን ይመስለኛል፤ እኔም አላርማትም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሐሙስ ዜና አንባቢዎ ፈገግ ብላ፣ ይህ የሳቅ ዝግጅት «በተመልካቾቻችን ጥያቄ መሠረት» በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚቋረጥና በቦታው የሚሸጡ ቤቶችን የሚያስጎበኝ ፕሮግራም እንደሚተካ አብስራናለች። ክቡር ሆይ፣ የትኞቹን ተመልካቾች ጠይቃችሁ ነው? ከተመልካቾቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ አልጠየቃችሁኝም። ሌላውንም አውቀዋለሁ፤ እሱንም አልጠየቃችሁትም። ከዚህ በኋላ የቀረ ተመልካች ካለ አድራሻውን ቢልኩልኝ ሄጄ ባጽናናው ደስ ይለኛል።

ቅሬታዎቼንና ምስጋናዎቼን ሳልለይ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ክቡራን እንግዶቹ። ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነና ዝግጅቱን አይተው የማያውቁ ዕድለኞችም ሊያነቡት ስለሚችሉ በአጭሩ ላስረዳ፦ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ታዋቂ ሰዎች ይደረደራሉ፤ አቅራቢው ጥያቄ ያቀርባል፤ ይበልጥ የሚያስቅ መልስ የሰጠ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ በምን እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም። በቅርቡ የመጣችው ዘፋኝ ቀልዷን ሳትጀምረው ሳቀች፣ እየሳቀች ጨረሰችው፣ ከዚያ ሌላ የሚስቅ ሰው ስታጣ ደንግጣ ውሃ ጠጣች። ዝነኛው ኳስ ተጫዋች «ከእንስሳት የትኛውን መሆን ትመርጣለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ቡድናችን ጥሩ አቋም ላይ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ፤ እውነቱን ለመናገር የዓመቱ ምርጥ ቀልድ እሱ ነበር፤ ነጥብ ግን አልተሰጠውም። የፊልም ተዋናዩማ ቀልድ ባለቀበት ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፉ ይደበድባል። ጠረጴዛው ምን አደረገው? እናንተ ዘንድ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።

፪ኛ. ቀድማችሁ ቀድታችሁ ስለምታሰሙን ሳቅ። ከሚስቁት መካከል ሳቋ ሊያልቅ ሲል ስቅ የሚላት አንዲት ሴት አለች። ማን እንደሆነች፣ በምን እንደሳቀች አላውቅም፤ ምናልባት ከእናንተ ዝግጅት በፊት፣ በእውነት የሚያስቅ ነገር ሰምታ ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሳትቀር ቤቴ የምትመጣ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ካገኟት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

፫ኛ. ታዲያ እንዲህ እያማረርክ ለምን ታያለህ የሚሉኝ ከሆነ፣ ምክንያቱ ጎረቤቴ ነው። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ሰውዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን፣ ከተኳረፍን ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ የተነሣው በሮቻችን ፊት ባስቀመጠው የጫማ መደርደሪያ ነበር። «ጫማዎን ወደ ቤትዎ ያስገቡ፤ ይህ መተላለፊያ ነው» አልኩት፤ «መተላለፊያ ከሆነ ይለፉበታ!» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ እሱ ቁልፉን ይፈልጋል፣ እኔ ጣሪያውን እመረምራለሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲያስነጥስ እሰማዋለሁ፤ «ይማርህ» የሚለው ሰው ቤቱ እንደሌለም አውቃለሁ፤ ግን አኩርፌያለሁና አልልም። እኔም ሳስነጥስ ከማዶ ዝም ነው። ኩርፊያ ሥራ ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሥራ አይንቅም።

አንድ ሐሙስ ግን ያቺ ስቅ የሚላት ሴትዮ አስቃኝ፣ ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳቅሁ። ወዲያው ከማዶ ሳቅ መጣ፤ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ሞተር መጀመሪያ አልነሣ እያለ፣ ከተነሣ በኋላ ግን የማይቆም ሳቅ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ቀደመኝ፣ እኔ ተከተልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ልማድ ሆነ፤ ሐሙስ ማታ ስቀን፣ ዓርብ ጠዋት ደረጃ ላይ ተዘጋግተን እናልፋለን። እኔ ሰውዬው በእውነት ይህን ዝግጅት ይወደዋል ብዬ አምን ነበርና፣ በልቤ የቀልድ ምርጫውን ስንቅ ኖሬአለሁ።

፬ኛ. ስለዚህ ምስጋናዬን የማቀርብበት ዋናው ነገር ይኸውና። አንድ ሐሙስ የእናንተ ባለሙያዎች በፈጠሩት ብልሽት ዝግጅቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ድምፅ ተላለፈ። ዘፋኟ አፏን ትከፍታለች፣ አቅራቢው እጁን ያወናጭፋል፣ ተዋናዩ ጠረጴዛውን ይመታል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የተሻለው ዝግጅታችሁ እሱ ነበር። ቴሌቪዥኑን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ፣ ተዋናዩ ጠረጴዛውን በመታበት ቅጽበት፣ ከግድግዳው ማዶ ያ ሳቅ ተነሣ። የእሱ ቴሌቪዥን ድምፅ አለው ይሆን ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ከሳቁ በቀር ጭጭ ነው። በኋላም ይቅርታ የጠየቃችሁት ተመልካቾችን ሁሉ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ሰውዬው በእናንተ ቀልድ ስቆ አያውቅም። የሚስቀው ለእኔ ነበር፤ አለሁ ሊለኝ፣ አለህ ወይ ሊለኝ። እኔም ግድግዳው አጠገብ ቆሜ፣ ምንም በማያስቅ ነገር፣ አቅሜ እስከፈቀደ ድረስ ሳቅሁለት። እንባዬም መጣ፤ በሳቅ ብዛት ነው ብዬ ክቡርነትዎን ልዋሽ አልፈልግም። እናንተ ግን በማግስቱ ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ ጠየቃችሁ። በሕይወቴ ያለቦታው ሲጠየቅ የሰማሁት ትልቁ ይቅርታ ይህ ነው።

፭ኛ. አሁን ይህን ወስዳችሁ የሚሸጥ ቤት ልታሳዩን ነው። ክቡር ሆይ፣ ባለሦስት መኝታ ቤት አይቶ የሚስቅ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃሉ፤ እኔም ጎረቤቴም ቢያንስ እስካሁን ያ ስም አልወጣልንም። ባለፈው ሐሙስ ዜና አንባቢዋ ያን እንዳነበበች ከማዶ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ፤ ዝግጅቱ ሲጀመር ብስቅም መልስ አላገኘሁም፤ ደግሜ ሳቅሁ፤ አሁንም ዝም። ከዚያ ቀን ወዲህ የእሱም ቤት እንደ እኔ ቤት ጭር ብሏል። ፈርቻለሁ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ስላጣሁ እንዳለ ጽፌዋለሁ።

በሩን ለምን አታንኳኳም የሚሉኝ ከሆነ፣ እጄን አንሥቼ የመለስኩበት ጊዜ አለ። ምን እለዋለሁ? ትንሽ ሳቅ ያበድሩኝ ልበለው? አስታራቂ ሽማግሌ እንዳልልክበት ደግሞ በዚህ ሕንፃ ያለነው ሽማግሌዎች እኔና እሱ ብቻ ነን።

ስለሆነም ዝግጅቱ እንዳይቋረጥ በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣ እንዲሻሻልም እንደማልጠይቅ በአጽንኦት አስታውቃለሁ። ዘፋኟን መልሱልን፤ ኳስ ተጫዋቹን ስለ እንስሳት ደግማችሁ ጠይቁልን። በጀት ካጠራችሁ እንግዶቹን አስቀርታችሁ ባዶውን ጠረጴዛ አሳዩን፤ እሱም ከከበዳችሁ ድምፁን አጥፉት። የትም ቦታ እንዲህ በትንሽ ነገር የሚረካ ተመልካች አያገኙም፤ እንዲህ በትንሽ ነገር ለሚሠራ ጣቢያም የሚገባው ተመልካች እንደ እኛ ያለው ነው።

ዕድሜ፣ ጤናና ከተቻለም የሚያስቅ ነገር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣ ባይኖረኝም ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ልክ የሌለው አክብሮት በመግለጽ እሰናበታለሁ።

ታማኝ ተመልካችዎ፣
ጡረታ የወጣው ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ከግድግዳው ማዶ ለሚኖሩት ለተከበሩ ጎረቤቴ (በበራቸው ሥር የሚገባ)

ማሳሰቢያ፦ ቢሮ ስሠራ እንዳየሁት፣ ደብዳቤ የተጻፈለት አለቃ ብዙ ጊዜ አያነበውም፤ ከልቡ የሚያነበው ግልባጭ የደረሰው ሰው ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ መልስ በመጻፍ እንዳይደክሙ በትሕትና አሳስባለሁ፤ መልስ የምጠብቀው ከእርስዎ አይደለም።