በሩን የከፈትሁት እኔ ነበርሁ

ለእናቴ፣

ከተለየሽን ዛሬ አራት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። በሕይወት ሳለሽ አንቺ ብዬሽ አላውቅም። በቤታችን እናት አንቱ ነበር የምትባለው። በስድስት ዓመቴ አንድ ጊዜ ተሳስቼ አንቺ ብልሽ ጆሮዬን ቆንጥጠሽ ጎረቤት ፊት አስለቀስሽኝ። ዛሬ ግን አንቺ እልሻለሁ። የምጽፍልሽ ነገር በአንቱ የሚጻፍ አይደለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የታመምሽበትን አልጋ እኅትሽ የሺ ወደ ዘጌ ወሰደችው። ክፍሉን ባለቤቴ ታደሰ ኖራ ቀባው፤ አሁን የተማሪዎቹን ደብተር የሚያርመው እዚያ ነው። ልጄ ሰላማዊት አራት ዓመት ሞላት። በክፍሉ በኩል ስታልፍ እስካሁን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ አያቴ ተኝታለች ማለት ለምዶባት። ሰፈራችን ግሽ አባይ እንደተውሽው ነው። ቀበሌው ስብሰባ ይጠራል፣ ጥቁር ገበያው ስኳር ይደብቃል። የጦርነቱ ወሬ ግን እየቀረበ ነው። እናቶች ወንድ ልጆቻቸውን ከአፈሳ ለማትረፍ ወደ ዘጌ ቡና ጫካ መላክ ጀምረዋል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ወንድሜን ደረጀን አስባለሁ።

ደረጀ ሲወሰድ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እሱ አሥራ ዘጠኝ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። አንቺ ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠሪ ነበር። የጥጡ ብናኝ ቅንድብሽ ላይ እየሰፈረ፣ ገና በወጣትነትሽ ሽበታም መስለሽ ትገቢ ነበር። ወጣት ሁሉ የሚታደንበት ጊዜ ነው። ደረጀ ሁለት ወር ያህል ከቤት ጠፍቶ ከርሞ ለፋሲካ ድንገት መጣ። የት እንደነበር ብጠይቅ ልጅ ነሽ ተባልሁ። እንደዚያ ፋሲካ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። እየደጋገምሽ ታጎርሺው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አንቺ ጓዳ ነበርሽ። የጎረቤታችን ልጅ እሳት ልትጭር የመጣች መስሎኝ ሄጄ ከፈትሁ። አራት የቀበሌ ጥበቃዎች ነበሩ። አንደኛው ሲገባ ራሴን ዳበስ አድርጎኝ አለፈ። ደረጀን በሸሚዙ ብቻ ይዘውት ወጡ፤ ጫማውን እስኪያስር እንኳ አልጠበቁትም። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ሬሳ አልተሰጠንም፤ ለቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደልንም። አንቺ በማግስቱ ሥራ ገባሽ።

በሦስተኛው ቀን ከፋብሪካ ስትመለሺ እግርሽን ላጥብሽ ብዬ ውኃ ይዤ ቀረብሁ። ፊቴን ሳታዪ፣ "በሩን ማን ክፈቺ አለሽ?" አልሽኝ።

ሌላ ቃል አልጨመርሽም። ግን በዚያው አልቀረም። ወጥ ሲያርብኝ ጠየቅሽኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስወድቅ ጠየቅሽኝ። ታደሰ ሽማግሌ የላከ ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ብርጭቆ ስሰበስብ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅሽኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ የሌለው አንድ ጥያቄ።

ክፉ ብቻ ነበርሽ ብዬ አልጽፍም። ልጅ ሳለሁ ወደ ዘጌ በታንኳ ስንሻገር፣ ከባሕር ዳር ተነሥተን መሬት እስክንረግጥ የቀሚሴን ጫፍ በጡጫሽ ጨብጠሽ ትይዢ ነበር። ስንወርድ ጨርቁ ተጨማድዶ ይቀራል። እኔም ትወደኛለች እያልሁ እኮራ ነበር። ደረጀ ከሄደ በኋላ አንድም ቀን አልያዝሽኝም።

ሕመሜን ታውቂዋለሽ፤ ታፌዢበት ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ቢሮ ታይፕ ስመታ የአለቃዬ በር ከተንኳኳ ጣቶቼ ፊደል ይስታሉ፤ አንድ ደብዳቤ ሦስቴ እጽፋለሁ። ጠበል ተጠመቅሁ። ልብሽ ደኅና ነው ያለኝ ሐኪም ብዙ ነው። አንቺ ታመሽ ወደ እኔ ቤት ከመጣሽ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ከዚያ አንድ እሑድ በር ተንኳኳ። ሰላማዊት ተሽቀዳድማ ሮጣ ከፈተች። የመጣው ታደሰ ዳቦ አስይዞ የላከው ልጅ ነበር። እኔ ግን ልጄን በጥፊ መታኋት። በሩን ማን ክፈቺ አለሽ አልኋት፤ በአንቺ ድምፅ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ቆመች። እኔም እንደዚያ ነበር የምቆመው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድሁ። አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ተምራ የመጣች ነርስ አለች ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ሲስተር ወለላ ይሏታል። ክፍሏ ከተመላላሽ ሕሙማን ክፍሎች መጨረሻ ላይ ነው። ሰው የእብድ ክፍል ስለሚለው ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አጣፍቼ ገባሁ። መርፌ የምትወጋኝ መስሎኝ ነበር። ወንበር ሰጠችኝና መቼ እንደጀመረሽ ንገሪኝ አለችኝ። ስለ በሩ ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር። ታደሰ እንኳ አያውቅም። ሲስተር እስክጨርስ ጠበቀችና፣ "ባትከፍቺው ኖሮ ተመልሰው ይሄዱ ነበር?" አለችኝ። ይሰብሩት ነበር አልሁ። ይህን በአፌ እስክለው ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

በየረቡዕ ከሰዓት መሄድ ጀመርሁ። አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁ፣ አንዳንድ ቀን እቆጣታለሁ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ መተንፈስ አስተማረችኝ። ቤት ደግሞ ታደሰ እየወጣ በር እንዲያንኳኳ፣ እኔም ልቤ እስኪረጋ ተቀምጬ ቆይቼ ሄጄ እንድከፍት አዘዘችን። የመጀመሪያው ቀን አስታወከኝ። በሦስተኛው ሳምንት ራሴ ሄጄ ከፈትሁ፤ ታደሰ ደጅ ላይ ቆሞ ዓይኑ እንባ ሞላ። አንቺ ከአልጋሽ ሆነሽ ታዪን ነበር። "ቤቱን የሕፃን መጫወቻ አደረጋችሁት" አልሽ፤ ፊትሽንም አዞርሽ። ያን ጊዜ የናቅሽኝ ነበር የመሰለኝ። አሁን ስገምተው ፈርተሽ ነው።

ጉበትሽ እየደከመ ሄደ። አምስት ወር አገላበጥሁሽ፣ አጠብሁሽ፣ በማንኪያ አጎረስሁሽ። ይህን የምጽፈው ውለታ ልቆጥርብሽ አይደለም። አንዲት ቃል ስጠብቅ ነበር፤ ለዚያ ነው። ልትሞቺ ሳምንት ሲቀርሽ ድፍረት አግኝቼ፣ "እማዬ፣ ደረጀ የተወሰደው በእኔ ነው ብለው ያምናሉ?" ብዬ ጠየቅሁሽ። ትኩር ብለሽ አየሽኝ። ከንፈርሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ "ውኃ ስጪኝ" አልሽ። ሰጠሁሽ። ጠጥተሽ ዓይንሽን ጨፈንሽ። እኔም ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አርባሽ ዕለት እንግዳው ከተበተነ በኋላ ከየሺ ጋር ዕቃ እናጥብ ነበር። ሰው ሁሉ ደግ እናት ነበሩ ሲል ነው የዋለው፤ እኔም አሜን ስል ዋልሁ። የሺ ሳህኑን ትታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ለእኅቴ ምዬላት ነበር። ከዚህ በላይ ግን አልችልም፤ እኔም መሞቴ አይቀርም" አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። ደረጀ እነዚያን ሁለት ወራት ዘጌ እሷ ዘንድ ነበር የተደበቀው። ጎተራ ሥር ያድራል፤ ቀን ቀን ቡናው ውስጥ ይውላል። ማንም አልጠረጠረም። ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው አንቺ በታንኳ ቀዛፊ ቃል ላክሽ፤ ካልመጣህ ጾሙን አልፈታም ብለሽ። የሺ አትሂድ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱ ግን እናቴን በፋሲካ አላስጾማትም ብሎ ተሳፈረ። ሲገባ ያየው ሰው ጠቆመ። ከተወሰደ በኋላ ዘጌ ድረስ ሄደሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፣ በተለይ ለልጅቱ፣ ብለሽ የሺን አስማልሻት።

በተለይ ለልጅቱ።

ሳህን ይዤ እንደነበር ትዝ የሚለኝ ከእጄ ወድቆ ሲሰበር ነው። አላለቀስሁም። ደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ያ ፋሲካ፣ ያ ሳቅሽ፣ ያ ማጉረስሽ ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። አንድ እናት ልጇ ናፍቋት ና ብትለው ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድብሽም ነበር። ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ እንደ እናትና ልጅ አብረን እናለቅስ ነበር። ሁለታችን ነበርን እኮ የቀረነው። አንቺ ግን ሸክምሽን አውርደሽ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጫንሽው፤ እንዳይወርድም በየጊዜው ታጠብቂው ነበር።

ረቡዕ ለሲስተር ወለላ ነገርኋት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። በኋላ፣ "ብቻዋን መሸከም አቃታት፤ ቅርቧ የነበርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ገብቶኛል ማለት አልፎልኛል ማለት አይደለም አልኋት። እሷም አይደለም አለች። ይቅር በያት ብላ አላስጨነቀችኝም፤ ለዚህም አመሰግናታለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚለኝ ይህን ነበር።

በሰማንያሽ ለካህኑ ሁለት የክርስትና ስም ሰጠሁ፤ ያንቺንና የደረጀን። አንቺ በቤታችን ስሙ እንዳይነሣ ከልክለሽ ነበር። ካህኑ ሲጠሩት የሺ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር። ትንፋሼ አጥሮኝ ነበር፤ ግን አልወጣሁም፤ እስከ መጨረሻው ቆምሁ። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም። አንዳንድ ቀን አሁንም ይመጣል። ሲመጣ ግን ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። አንድ ቀን እል ይሆናል፤ ዛሬ አላልሁም። ተዝካርሽን ግን አላስታጉልም፤ መቃብርሽንም አረም አላስወርሰውም። ሰላማዊት አድጋ ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ፣ ባል ሞቶባት ሁለት ልጅ በጥጥ ብናኝ ያሳደገች ሴት ነበረች እላታለሁ። ልጇን ከመውደዷ ብዛት ወደ ሞት ጠራችው እላታለሁ። የቀረችላትንም ልጅ በሐሰት አሥራ ሁለት ዓመት ቀጣቻት እላታለሁ። ጨካኝ ነበረች ብላ እንድትጠላሽ አልፈቅድም፤ ቅድስት ነበረች ብላ እንድትሳለምሽም አልፈቅድም። እንደነበርሽው አስታውስሻለሁ። ከዚህ የበለጠ ከእኔ አትጠብቂ።

ልጅሽ ጥሩወርቅ