የቀረህ ፋሲካ

ገሳይ፣ ኅዳር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለኪዳኔ፣
ቤተልሔም፣ ድጓ ቤት

ውዴ ኪዳኔ፣ ጉና ውርጭ ለብሶ ባደረበት ጠዋት እጽፍልሃለሁ። እዚያስ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? የላክሁልህን ጋቢ እንደለበስኸው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሰው ሲሰማ አንቱ እልሃለሁ፤ ይህን ግን ከአንተ በቀር የሚያነበው ስለሌለ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። ስልኩን "ትምህርት ያናጋብኛል" ብለህ ቤት ጥለኸው ሄድህና በስተርጅና የደብዳቤ ሰው አደረግኸኝ።

ጎረቤታችን ይሻው ከንፋስ መውጫ ሲመለስ ቃልህን አድርሶኛል። "ጠዋት የተቀበልሁትን ማታ አጣዋለሁ፤ ዕድሜዬ አልፏል፤ ለገና ጠቅልዬ እመጣለሁ በላት" ብለሃል አለኝ። የኔታ መዝገቡ ከልጃችን ከቅድስት በሁለት ዓመት እንደሚያንሱ፣ ሲያርሙህም ተማሪዎቹ እንደሚስቁ ነገረኝ። እኔም ሳቅሁ፣ አትቀየመኝ። ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ከጎረምሶች መሐል ቁጭ ብሎ ሲታረም ያስቃል። ግን ኪዳኔ፣ እንዳትመጣ።

ቤቱ ደህና ነው። ገብሱን የሰፈሩ ሰው በደቦ አጭዶ ከምሮልናል። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ቅድስት ከደብረ ታቦር መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት አልተዘጋም፤ ናፍቄያት ፈቃድ ጠይቃ ነው። ላሚቱንም የምታልባት እሷ ናት። እኔም ባለፈው ደብረ ታቦር ወርጄ ሐኪም አይቶኝ፣ መነጽርም ገዝቼ ተመለስሁ። ቀሚሴን ቅድስት ሁለት ጊዜ አጠበበችልኝ፤ እንደ ሙሽራነቴ ቀጥኛለሁ። ፊደሌ ዘመም ዘመም ካለብህ ጋደም ብዬ ስለምጽፍ ነው። ብርድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እርሻ ላይ ሆነህ ድጓውን ስታዜም ትዝ ይልሃል? ከመስከረም፣ ከዮሐንስ ትጀምርና አስተምህሮውን፣ ጾሙን ይዘህ ትወርዳለህ፤ የድጓው መጨረሻ ክፍል፣ ፋሲካው ደጃፍ ስትደርስ ዝም። በሬዎቹ እንኳ ዝም ስትል መቆም ለምደው ነበር። ምሳህን ይዤ ስመጣ ድምፅህን ከወንዙ ማዶ እሰማና የት እንደደረስህ አውቃለሁ። ያችን ዝምታ መስማት ስለማልወድ ቀድሜያት ለመድረስ እሮጥ ነበር። በትንሣኤ በዓል ሌሎቹ ሲያዜሙ እንኳ አንተ ጸናጽልህን ይዘህ ዝም ትላለህ። "ከመምህር ካልተቀበልሁ የእኔ አይደለችም" ትላለህ። ይህን ግትርነትህን እንዴት እንደምወደው ነግሬህ አላውቅም።

ወደ ቤተልሔም ተመልሰህ ልትሄድ ሁለት ጊዜ ተነሥተህ ነበር። አንዴ ድርቁ አስቀረህ፤ አንዴ ልጃችንን አስናቀን ቀበርን። በእጅህ የጻፍኸውን ድጓ አይጥ በላው፤ ቁጭ ብለህ ሦስት ዓመት ፈጅተህ እንደገና ጻፍኸው።

አሁን አርባ ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የኖረ ነገር ልንገርህ። ከሠርጋችን በስድስተኛው ወር ቤተልሔም ሄደህ፣ ፋሲካው ብቻ ሲቀርህ፣ ደብዳቤዬ ደረሰህ። ያኔ ፊደል ስለማላውቅ ዲያቆን ዳኛቸው ነበር የጻፈልኝ። "ታምሜአለሁ፣ ሳልሞት ድረስልኝ" ይላል። በእግርህ ገስግሠህ ስትደርስ እንስራ አዝዬ ከምንጭ ስመለስ አገኘኸኝ። "ተሻለኝ" አልሁህ። አንተም እግዚአብሔር ይመስገን ብለህ እንስራውን ተቀበልኸኝ። በወሩ አባትህ ዐረፉ፣ እርሻው አንተ ላይ ወደቀ፣ በዚያው ቀረህ።

ኪዳኔ፣ አልታመምሁም ነበር። ናፍቀኸኝ ነው። "ናፈቅኸኝ" ብዬ ለዳኛቸው ማስጻፍ አፈርሁ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ቀድሜ ለምን እንደተመዘገብሁ ትጠይቀኝ ነበር፤ ሁለተኛ በሰው እጅ ላለመጻፍ ነው። አንድም ቀን በእኔ አሳብበህ አታውቅም፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ይቅር በለኝ።

አሁን ግን ደህና ነኝ። ገና ቢመጣ፣ ጥምቀት ቢመጣ፣ ማንም የፈለገውን ወሬ ይዞ ቢመጣ፣ ፋሲካውን ሳትጨርስና የኔታ ሳይመሰክሩልህ ከዚያ ደጅ እንዳትነቃነቅ። ጠዋት የተቀበልኸው ማታ ከጠፋህ በማግሥቱ እንደገና ጠይቅ። ይሳቁ፤ ጥርሳቸው ነው።

ቅድስት ስጽፍ አይታኝ "አባዬ ይምጣ፣ እኔው እጽፍለታለሁ" ብላ አለቀሰች። ሆዷ ቶሎ ይባባል፣ ታውቃታለህ። እንዳትጽፍልህ በማርያም አስምያታለሁ።

የቅዱስ ያሬድ በረከት ይደርብህ። አእምሮህን ብሩህ፣ ጉሮሮህን የለዘበ ያድርግልህ። ለመምህርህም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ስትመለስ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። መጀመሪያ ወደ ቤት አትምጣ። በቤተክርስቲያኑ በኩል ግባና አስናቀ ካረፈበት ከወይራው ሥር ቁመህ ፋሲካውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዚምልኝ። እኔም እዚያው አጠገቡ ነኝ፤ እሰማሃለሁ።

ሰው ሲሰማ አንቱ የምትልህ፣
ጌጤ