ተራ ቁጥር አራት

ኅዳር 12 ቀን 1966፣ መካነ ሰላም

ብርድ። ከበሽሎ ቆላ የወጡ ረሃብተኞች ክሊኒኩ በር ላይ አድረዋል። ያለኝ ጥቂት የዱቄት ወተት... ለማን ይዳረሳል?

እህል ነጋዴዋ እትዬ ወርቂቱ፣ የስኳር በሽተኛዬ፣ በመሀላቸው አልፈው ገቡ። ዘጠና አራት ኪሎ። ሽንታቸውን ከሰማያዊው መድኃኒት ጋር ባፈላው ሸክላ መሰለ፤ ስኳሩ እንዳለ ነው። ደሴ ያሉት ሐኪም ስለ ውፍረትና ስለ ስኳር በሽታ ጥናት ይዘዋል። የስድስት በሽተኞቼን ኪሎና የሽንት ውጤት በየወሩ እልክላቸዋለሁ። እትዬ ወርቂቱ ተራ ቁጥር አራት ናቸው።

«ምግብ ይቀንሱ» አልኩ። ሳቁብኝ። «ዶክተር፣ ይችን ምክርህን ውጭ ያሉት እንዳይሰሙህ!» ሐኪም አይደለሁም፣ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነኝ ብል አይሰሙም።

ጥር 19

ሰማንያ ሰባት! ምክሬ ሠራ ማለት ነው?

እሑድ እንደተለመደው ምሳ እሳቸው ቤት። በዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ በሳምንት አንድ ቀን ሰው የምሆነው እዚያ ነው። ጉርሻ በጉርሻ ላይ... «ብላ እንጂ! ቤትህ ማን ያጎርስሃል?» የሚበላ ሰው አፍ ማየት ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ ዓይኔን ከትሪው አላነሳሁም።

የካቲት 21

ካቢኔው ወረደ አለ ሬዲዮው። ቀኑን ሙሉ ስለዚህ የማወራው ሰው አላገኘሁም።

መጋቢት 10

ሰባ ስድስት ኪሎ። ሽንቱ ፈልቶም ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፤ ስኳር የለም! «ጾሙ ነው ያከሳዎት?» «ጾሙ ነው፣ ልጄ።» ድምፃቸው ሻክሯል። ብርድ ነው አሉ። ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ ምግብ በመቀነስ ተሽሏታል።

ሚያዝያ 22

ሐኪሙ መለሱልኝ። «ተራ ቁጥር አራት ግሩም ነው። ጉባኤ ላይ አቀርበዋለሁ።» አራት ጊዜ አነበብኩት። ለማን ላሳይ? ይዤ እትዬ ወርቂቱ ቤት ሮጥኩ። «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ፤ ደስታዬን አይተው እንባቸው መጣ።

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። ኪሎው ግን አሁንም ይወርዳል... ይሁን።

ሰኔ 14

የእትዬ ወርቂቱ ጎረቤት ሀሊማ ክሊኒክ መጣች። በሩን ዘጋችው።

«ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ አልደብቅም። ከጥር ጀምሮ እህል አይወርድላቸውም። እንጀራው ደረታቸው ላይ ይቆማል። አሁንማ ወተቱም እየተመለሰ ነው።»

ሮጥኩ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ሰው እህል አጥቶ ደጄ ላይ ሲወድቅ፣ እኔ እህሉን ታቅፌ አልዋጥ አለኝ ልበል? አላፍርም? ደግሞ አንተ... ኪሎዬ በወረደ ቁጥር ፊትህ ይፈካ ነበር። በምን አንጀቴ ልንገርህ?»

ሰኔ 21፣ ደሴ

በጭነት መኪና አመጣኋቸው። ራጅ ተነሡ። የምግብ መውረጃው ላይ ዕጢ ወጥቷል፤ ሊዘጋው ምንም አልቀረው። «ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን...» አሉ ሐኪሙ፤ አልጨረሱትም። መጽናናት የሚገባቸው እትዬ ወርቂቱ ሆነው «አብሽር» አሉኝ። ግማሽ ዓመት አንድ ትሪ ላይ በላሁ። አንዲት ጉርሻ ሲውጡ አላየሁም። ስኳራቸውን እንጂ እሳቸውን መች አየሁ?

ነሐሴ 17

ቀበርናቸው።

ነሐሴ 19

እሑድ። የት ልሂድ?

መስከረም 3 ቀን 1967

ንጉሡ ትናንት ወረዱ። ገበያው ሰው በሰው ሆኗል፤ የሚጨፍርም የሚያለቅስም አለ። እኔ ክሊኒክ ቁጭ ብዬ ለደሴው ሐኪም ጻፍኩ፦ «ተራ ቁጥር አራት ከጥናቱ ትውጣ። አልዳነችም፤ መብላት አቅቷት ነው የከሳችው። ስህተቱ የእኔ ነው። ስሟ ወርቂቱ ይባላል።»

ሀሊማ ምሳ ጠራችኝ። «ሽሮ ነው፣ ጾምህን አላስፈታህም» አለች። ሄድኩ። ስትጎርስ ቀና ብዬ አፏን አየሁ።

«ምነው? ምን ታያለህ?» አለችኝ አፍራ።

«ስትውጪ» አልኳት።